ሁለተኛው በርጩማ

ሥራዬ ማንበብ ነው፤ ፊደል አይደል፣ ቁጥር፤
የመብራት ቆጣሪ፣ ከአጥር እስከ አጥር።
ከቆጪ ተነስቼ ሂርማታን ሳዳርስ፣
ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ እንዳይርስ፣
«ቆጣሪ!» ብዬ ስጮህ ውሻው ይቀድመኛል፣
ከውሻው በስተኋላ ሳሎን ይታየኛል።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት አነበብሁ፤
የራሴን ግን ገልጬ አንድ ገጽ አልዘለቅሁ።

አንድ አልጋ። አንድ ምስማር። ኮቴ ምስማሩ ላይ።
አንድ ጄሪካን ውሃ፣ ኩባያው ከበላይ።
አምፖሉ ራቁቱን በገመድ ተሰቅሎ፣
ጥፋቱን የማያውቅ ተከሳሽ መስሎ።
ካላንደሩም ቢሆን የቀድሞው ተከራይ
ረስቶት የሄደ ነው፤ ቆሟል ግንቦት ላይ።
ወንበር ነበረችኝ፣ ባለ አራት እግር፤
ጭቃው ወለሌ ላይ ስትንገዳገድ ስታስቸግር፣
ትቻት አልጋው ላይ ነበር የምበላው፤
እንግዳም አልነበር «አረፍ በል» የምለው።

ዝናቡ ሲመጣ — ጅማ ነው፣ ይመጣል —
የጎረቤቶቼን ጨዋታ ይውጣል፤
እኔ ቤት ግን የለም የሚዋጥ ጨዋታ፤
ቆርቆሮው ብቻውን ያወጋል እስከ ማታ።

ካነበብሁት ላካፍል፦

የጦይባ መጋረጃ የስኳር ጆንያ ነው፣
ጠርዙን በቀይ ክር ዘምዝማ የሰፋችው፤
ነፋስ ገለጥ ሲያደርገው «ግባ» ይላል ቀድሞ፣
«ማን ነህ?» ሳይል እንደ ብረት በር ቆሞ።

አባ ዱራ በራፍ አንድ ጥንድ ሸበጥ አለ፣
ከቤተሰቡ እግር ጋር ያልተመሳሰለ፤
«የማን ነው?» ብላቸው፣ «ለሚመጣው» አሉኝ፤
«ማን ይመጣል?» ብዬ ስጠይቅ ሳቁብኝ።

መምህርት ደብሪቱ ለአምፖሏ ቅርጫት ደፍታ፣
ግድግዳዋ ጥልፍ ይለብሳል በየማታ።
ፍጆታዋን ጻፍሁ፤ ከኔ አምፖል አይበልጥም፤
ያው ስልሳ ሻማ ነው፤ የኔ ግን አይጥምም።

አንድ ሐሙስ፣ ገበያ፣ አባ ቢያ ዘንድ ቆምሁ፤
ከአንድ ግንድ ዋንዛ የተጠረበ በርጩማ አንስቼ መዘንሁ።
እግሩ ሦስት፤ ማጣበቂያ የለው፣ ምስማር የለው።
«ወለሌ» አልሁት፣ «ወጣ ገባ ነው።»
«አራት እግር ካለ አንዱ ያኮርፋል፤
ሦስት ግን ከጉብታው ተስማምቶ ያልፋል።»
«ሁለት» ስል፣ ቀና ብሎ «ለማን ነው?» አለኝ፤
«እንጃ።»
ዐሥር ብሯን «ለእንጃ» ብሎ ቀነሰልኝ።

ቅርጫት ገዛሁ፤ ቂጡን በቢላ በሳሁት፤
አምፖሉን አለበስሁት። ካላንደሩን ነቀልሁት፤
ከሥሩ ደማቅ ቢጫ ቀለም አገኘሁ፤
ለካ ቢጫ ቤት ነው፣ ግራጫ እያልሁ የኖርሁ።
በርጩማዎቹን ፊት ለፊት አቆምሁ።
አንዱ ላይ እኔ። አንዱ ባዶ።
አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ።

አንድ ምሽት ተነስቼ ባዶው ላይ ተቀመጥሁ፣
ቤቴን ከእንግዳ ወገን ለመጀመሪያ አየሁ፦
ኮቴ ከበሩ ትይዩ፣ እንደ ኮስታራ ዘበኛ፤
ከኋላው አልጋዬ ፊቱን አዙሮ የተኛ።
ኮቱን ከበሩ ጀርባ፣ አልጋውን ወደ ጥግ ወሰድሁ፤
በእንግዳ ድምፅ «አሁን ደግ ነው» ብዬ ለራሴ ነገርሁ።

ከዚያ ሰኔ ገባ። ሲዘንብ፣ ሲያጎርፍ፣
የጎረቤት ልጅ ነዚፍ፣ ደብተሩን እቅፍ፣
«ጋሼ፣ ካርድ አልቆብን ቤታችን ጨልሟል፤
ነገ ፈተና...» ሳይጨርስ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሏል።
የትኛው የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤
እኔም አልነገርሁትም።
ጸጉሩ ላይ ቅርጫቱ ጥልፉን ጣለ፤
«ሰባት በስምንት ስንት ነው?» አለ፤
ቆርቆሮው ጮኸ፤ አልሰማሁትም፤
ደገመው፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ።
ዝናብ እኔ ቤት የዋጠው የመጀመሪያ ጨዋታ
ይኼው ነው።

ማለዳ ለሥራ ስወጣ
የራሴ ቆጣሪ ፊት ቆምሁ። ከወትሮው ጨምሯል።
ጻፍሁት። ሁለቴ አየሁት።
ሂሳብ ሲጨምር ደስ ያለው ሰው
በዐሥራ አንድ ዓመት አላጋጠመኝም፣
ከዛሬ በቀር።

ሸበጥ ገና አልገዛሁም።
የሚመጣው ሰው
እግሩ ስንት ቁጥር ይሆን?